አጥሩን የነቀልን ሰሞን

ይድረስ ለልጄ ለመንበሩ፤ ባለህበት በሱዳን አገር እመቤቴ ማርያም በጥላዋ ታኑርህ፤ የበረሃው ንዳድ አይንካህ። እኔ ደህና ነኝ። ጤፉ ዘንድሮ ጥሩ ነው፤ ጥጃዋ ግን ሞተችብኝ።

ከአምበር ወዲህ በመንገድ ዳር ያለ ቤት ሁሉ አጥሩን ይንቀል የሚል ትእዛዝ ከጣሊያን ምሽግ መጣ፤ አርበኛ ይሸሸግበታል ብለው ነው። አባትህ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ካንተ ጋር የተከላቸውን የወይራ ቋሚዎች ከጎረቤቴ ከየብርጓል ጋር ሦስት ቀን ስንነቅል ሰነበትን። ሥር ሥሩን በዶማ እየቆፈርን፣ ውኃ እያፈሰስን፣ ግራና ቀኝ እየነቀነቅን አወጣናቸው። ከላይ ሸብተዋል፤ አፈር ውስጥ የነበረው ግን ገና አልነቀዘም።

የበሩ ቋሚ እንቢ አለን። ሊያይ የመጣው ጭቃ ሹማችን አያ ባዘዘው፣ «እቴ ሥራነሽ፣ ይኼስ?» አለኝ።

«የበግ ማሰሪያ ነው» አልሁት።

በግ እንደሌለኝ ያውቃል። አየኝና ሄደ። በማግስቱ የራሱን ጠቦት አምጥቶ አሰረበት።

አሁን ቤቱ ሜዳ ላይ ቀርቷል። መንገደኛው ሁሉ ይታየኛል። ቁመቱ አንተን የሚመስል ሲያልፍ ብድግ እላለሁ፤ ሲርቅ ተመልሼ እቀመጣለሁ።

በሰው አገር ለብቻህ አትብላ፤ ካገርህ ልጅ አትጣላ። ደብዳቤ መላክ የሚያስይዝህ ከሆነ ይቅር፤ በቃሉ «ልጅሽ አለ» የሚለኝ አንድ ሰው ብቻ ላክልኝ። የአባትህ አምላክ መመለሻህን ያሳምርልኝ።

እናትህ ሥራነሽ፣ በመሪጌታ ወልደ ሚካኤል እጅ ያስጻፍሁ።