የግራው ፓራፋንጎ

ጥቅምት 4
ጎማዎቹ መጡ። ሰፋፊ፣ ቸርኬያቸው የሚያብለጨልጭ። ገጠምኳቸው። ገና ከግቢ ሳልወጣ መሪውን ባዞር... ክርርር። ጎማው ከላዩ የከደነውን ፓራፋንጎ ይፍቃል። መግዛት ላይ ጎበዝ ነኝ፤ መለካትን ማን አስተማረኝ? ሜትር እኮ ቤት ውስጥ አለ። መሳቢያ ውስጥ በሰላም ተኝቷል።

ጥቅምት 5
አባዬ መኪናዋን ሲሰጠኝ ያለው ይሄንን ብቻ ነው፦ «ሠላሳ ዓመት ነዳኋት። አንተ ከጫርካት በቀር ምንም አልነካትም። እንዳለች ትቆይ።»
ሁለት ወንበር ያላት የድሮ ስፖርት መኪና... ከእኔ ይልቅ እሷን ነው ያሳደገው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ በሯን ጫርኩ። ጥፍር የምታህል ጭረት። ቁልፉን ቀማኝ። ባለፈው ወር ጉልበቱ አልታጠፍ ብሎት መግባት እስኪያቅተው ድረስ መሪዋን አላስነካኝም። እንግዳ በመጣ ቁጥር ያቺ ጭረት ትተረካለች። ሠርጌ ላይ ሳይቀር ተተርካለች።
አሁን ደግሞ ፓራፋንጎዋን ቆርጬ ላሰፋ ነው። ሲያይ ቁልፉን ይቀማኛል። በዚህኛው ዙር የሚመልስልኝም አይመስለኝም።
ጎማዎቹን ብመልስስ? አይ... ያምራሉ።

ጥቅምት 9
አባዬ እህቴ ጋ ሄደ። ሁለት ሳምንት ይቆያል። የወሰደው ታክሲ ኩርባውን ሳይታጠፍ እኔ ጋራዥ ደርሻለሁ።
ቆርቆሮ ቀጥቃጩ ባትላሜራ «ሚሊሜትር» ይባላል። በስንዝር ስለሚለካ ነው።
«አራቱንም እናሰፋለን። ግን አንዴ ከተቆረጠ አይመለስም፣ ወንድሜ።»
«ቁረጠው።»
እንዲህ ያለው ጀግንነቴ አባዬ ፊት የት ነው የሚገባው?

ጥቅምት 11
የቀኙ የፊት ተቆረጠ። ከእንግዲህ አይመለስም።

ጥቅምት 13
ሚሊሜትር ደወለ። «ናማ፣ ጉድ ታያለህ።»
የግራውን የፊት ፓራፋንጎ ቀለም ቢፍቅ፣ ስቱኮ። ስቱኮውን ቢያነሳ፣ ሌላ ስቱኮ። ማግኔት ቢያስጠጋ አልይዝ አለ። ሁለት ጣት ውፍረት። ከሥሩ ያለው ቆርቆሮ ተጨማዶ ተጨማዶ...
«ይቺ ምሰሶ ስማለች» አለ። «ዱሮ ነው ግን። የሠራው ሰውም ተጣድፏል።»
ምንም ያልነካት መኪና።
አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ለአባዬ የምለውን እየተለማመድኩ ቤት ደረስኩ። የኔን ጭረት የሰሙትን እንግዶች በሙሉ ልጠራቸው ነው። ወንበር ካነሰ እበደራለሁ።

ጥቅምት 14
እማዬን ጠየቅኳት። «እኔ ምን አውቃለሁ» አለች። ከዚያ ሳቋ አመለጣት።
«መኪናዋን የገዛ ሰሞን ነው። በሱቆቹ በኩል ስናልፍ ራሱን በመስታወታቸው እያየ...»
«ራሱን?»
«ፀጉሩን እያስተካከለ። ከዚያ ምሰሶ። ለማንም እንዳልናገር አስምሎኛል።»
ሠላሳ ዓመት አፏን ዘግታ ኖረች! ሳቋ ሲያልቅ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።
«አንድ ወር ሙሉ በእግሩ ሄደ፣ ልጄ። መሪዋን መንካት ፈርቶ ነበር።»
ይሄንን ባትነግረኝ ምን ነበረበት? ንግግሬን አበላሸችብኝ።

ጥቅምት 20
አለቀ። አራቱም ሰፉ። ትከሻ አወጣች። ጎማው የትም አይነካም። ሜትር ይዤ ሄጄ ለካሁ። አሁን።

ጥቅምት 23
አባዬ መጣ።
ከታክሲው ወርዶ ከዘራውን ተደግፎ ቆመ። ከዚያ በቀጥታ ወደ ግራው የፊት ፓራፋንጎ። ሌሎቹን ዞር ብሎም አላያቸው። መዳፉን አሳረፈበት።
«ቆረጥካት።»
«ቆረጥኳት።»
«ይሄንንም?»
«ይሄንንም።»
መዳፉን አላነሳም። ንግግሬ ምላሴ ላይ ደርሷል። እንግዶቹ፣ ሠርጉ፣ ሁሉም።
«ከሥሩ ምን ነበረ?» አለ፣ እኔን ሳያይ።
«ቆርቆሮ» አልኩት።
ምን ነካኝ?
እጁን ዘረጋ። በቃ፣ ቁልፉ ሄደ ብዬ ሰጠሁት። ገለባብጦ አየውና መልሶ መዳፌ ላይ አኖረው።
«እኔ ምን ላደርገው? ይልቅ እግሬን ያዝልኝና አስገባኝ።»
እግሮቹን ተራ በተራ አንስቼ አስገባሁለት። ከግቢ ስንወጣ «በሱቆቹ በኩል እንዳትሄድ» አለኝ።
በሱቆቹ በኩል ሄድኩ። ቀስ ብዬ። አንገቱን አስግጎ የሱቆቹን መስታወት አየ... እሷን፣ ትከሻዋን፣ እኛን። ከዚያ ፀጉሩን አስተካከለ። የቀረችውን።
እኔ መንገዱን አየሁ። ከሁለታችን አንዱ ማየት አለበት።