ሙዝ ሥር የተደበቀ ድንበር

ደግነት፣ እንዴት ነህ? አርባ ምንጭ፣ ኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ ውስጥ ቆሜ ነው የምጽፍልህ። በድንበር ለተጣሉ ሁለት ጎረቤታም ሽማግሌዎች ልንቀይስ መጥተን፣ የድንበሩን ጥግ የሙዝ ቅጠል ስለሸፈነው ጂፒኤሱ ሳተላይት አልይዝ አለ። እኛ ደብረ ብርሃን ቢሆን ባሕር ዛፉን እናስቆርጥ ነበር። የዚህዋ ቀያሽ ኑሃሚን ግን «ፍሬ የያዘ ሙዝማ አይነካም» ብላ ገላጣው ላይ በጂፒኤሱ ሁለት ነጥብ ያዘች። ከሁለቱም እስከ ጥጉ በሜትር ሲለካ ድንበሩ ቁልጭ ብሎ ወጣ። እጇን ቁርጥማት አይንካው! የሜትሩን ጫፍና ጫፍ ያስያዘችው ደግሞ እነዚያኑ የተኳረፉትን ሽማግሌዎች ነው። ተዘጋግተው ከርመው የመጀመሪያ ቃላቸው «ወጠር አድርገው እንጂ!» ሆነ።

ፖስት ካርዱ ሞላ፤ ልጅህን ልክነሽን ሳምልኝ። አንተና ወንድምህ አሁንም ካልተነጋገራችሁ ሜትር ይዤ እመጣለሁ።

ያንተው ካሱ