ዓይኑን የማይጨፍነው ተማሪ

ረቡዕ፣ ኅዳር 3

ዓይኑን አልጨፈነም። ሁላችንም ተንበርክከን ስንጸልይ እሱ ጥግ ላይ ቆሞ ዓይኑን ቁልጭ ቁልጭ ያደርጋል። (እኔስ ለምን ገለጥኩ? ይቅር ይበለኝ።)

"ረጅሙ" ብዬ ነው የምጽፈው፤ የሰው ስም እዚህ ደብተር ላይ አይገባም። የቆላ ድባ ሰው ነው፤ እህል መጋዘን ውስጥ ይሸከማል። ጸሎት ቤታችን በቀበሌ ከታሸገ ወዲህ አዳዲስ አማኞችን ሰው ቤት እየሰበሰብኩ የማስተምረው እኔ ነኝ። አሁን አራት ናቸው። ሦስቱ በምናውቃቸው ሰዎች በኩል የመጡ ናቸው። እሱ ግን ከሦስት ሳምንት በፊት ራሱ መጥቶ "መዝሙራችሁን በአጥር ሰምቼ ነው" አለ። እኛ እኮ በሹክሹክታ ነው የምንዘምረው! ጫማችንን እንኳ ደጅ አንተውም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4

ነገሩ አላማረኝም። የሌሎቹ ቤት የት እንደሆነ ይጠይቃል። የማስተምረውን ጸሎት ሀ ሁ በሚለማመድበት ደብተር ላይ ይጽፋል፣ ያውም ምላሱን አውጥቶ፣ ፊደል በፊደል። ባለፈው ደግሞ ከቀበሌው ጥበቃ ጋር ቆሞ ሲሳሳቅ አይቼዋለሁ። ይሄ ሁሉ ሳያንስ ያ ዓይኑ።

ለሽማግሌያችን ለጋሼ ነገርኳቸው። "ልጄ፣ የምታስተምሪያቸው አንቺ ነሽ፤ አንቺ እወቂ" አሉኝ። ሁልጊዜ እንዲህ ብለው እኔው ላይ ይጥሉታል። ሲያናድዱ!

ወሰንኩ። የቅዳሜው ትምህርት በሌላ ቤት ይሆናል። ለሦስቱ ተነግሯል። ለእሱ አልተነገረም።

ዓርብ፣ ኅዳር 5

ገበያ ውስጥ ከሩቅ አየኝና ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ። እንዳላየሁ ሆኜ አለፍኩ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

አዲሱ ቤት ለሐይቁ ቅርብ ስለሆነ ትንኙ አይጣል ነው። ሦስቱም መጡ። አንዷ "ያ ወንድማችንስ?" አለችኝ። ሥራ ይዞት ይሆናል አልኩ። ዋሸሁ፣ ያውም መጽሐፍ ቅዱስ ጭኔ ላይ ተዘርግቶ። ቢሆንም ቀለል አለኝ። ከሦስት ሳምንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በሩን በሩን ሳላይ አስተማርኩ።

እሑድ፣ ኅዳር 7

ከቀበሌ ስብሰባ ስንወጣ የድሮው ቤት ባለቤት ክንዴን ያዘችኝ። ረጅሙን አብዮት ጠባቂዎች ወስደውታል። ትናንት በሰዓቱ መጥቶ አንኳኳ። እሷም እንደተስማማነው አልከፈተችም። ይሄዳል ስትል ደብተሩን ይዞ ደጃፏ ላይ ቁጭ አለ። አንድ ሰዓት ሙሉ! ማንን ነው የምትጠብቀው ብለው ወሰዱት።

የእነሱ ሰው ከሆነ ለምን ይይዙታል? ለማስመሰል? ካልሆነ ደግሞ ያሳሰርኩት እኔ ነኝ። ስሜን ያውቃል። የምሠራበትን የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ያውቃል። የሦስቱንም ስም ያውቃል።

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ክሩ እጄ ላይ ሲበጠስ ዋለ። አለቃዬ "አሞሻል እንዴ?" አለኝ። አዎ አልኩት፤ ይሄ እንኳ ውሸት አይደለም። በእጃችን የገለበጥናቸውን የወንጌል ገጾች የበርበሬው ቆርቆሮ ውስጥ ደበቅኩ።

ማንም አልመጣም። ጋሼ "አልተናገረም ማለት ነው" አሉ። "ወይ ገና ነው" አልኳቸው። አፈርኩ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ለቀቁት! ከፈረቃ ስመለስ በሐይቁ መንገድ ዳር ቆሞ አገኘሁት። ግራ እግሩን ያነክሳል።

"ፊደል የሚያስቆጥሩኝን እትዬ እየጠበቅሁ ነው አልኋቸው። ደብተሬን ቢያገላብጡ ሀ ሁ ብቻ ሆነባቸው" አለኝ።

ጸሎቱን የጻፍክበት ገጽስ? አልኩት።

"ዋጥሁት።"

እግርህስ?

"ስሟን አምጣ ሲሉኝ ነው። እትዬ ነው የምላቸው፣ ሌላ ስም አላውቅም አልሁ።"

መንገድ ላይ አለቀስኩ። ከዚያ በድፍረት ጠየቅኩት፦ ስንጸልይ ለምን ዓይንህን አትጨፍንም? ደነገጠ። "ይጨፈናል እንዴ? እኛ ቤተ ክርስቲያን ቆመን፣ ሥዕሉን እያየን ነው የምንጸልይ። እናንተ ስትጨፍኑ ሳይ ደክሟቸው ነው፣ ከፋብሪካ መምጣታቸው ነው ብዬ ዝም አልሁ።" እንቅልፍ መስሎታል! ስለ ጸሎት ብቻ ሦስት ጊዜ አስተምሬ ይህችን አልነገርኩትም። ለእኔ ግልጽ የሆነው ለሁሉም ግልጽ ይመስለኛል።

"ነገስ የት ነው?" አለኝ።

እነሱ በሦስት ቀን ማንን ለቅቀው ያውቃሉ? ከኋላው ሰው አስከትለው ቢሆንስ? ዞሬ አየሁ። እንጨት የጫኑ አህዮች የሚነዱ ሁለት ሴቶች ብቻ ናቸው። ወደ ኋላ መዞሬን አይቶ፣

"ግድ የለም እትዬ፣ አይንገሩኝ። እዚያው ደጃፍ መጥቼ እጠብቃለሁ" አለ።

የያዙት እዚያው ደጃፍ ላይ ነው። ይህን እያወቀ ነው የሚለኝ።

ቤቱን ነገርኩት። ሰዓቱንም፣ አንኳኩቶ እንዴት እንደሚጠራንም ነገርኩት። አሁንም እርግጠኛ አይደለሁም፤ ተሳስቼ ከሆነ ነገ አስር ሰዓት ላይ ይለይልኛል። ሲያንኳኳ ግን ሌላ ሰው አልልክም፤ በሩን የምከፍትለት እኔ ነኝ።