የጋሽ ሙላት ቢላዋ ጉዞ

ወረታ፣ ማክሰኞ ኅዳር 9

ጋሽ ሙላት የአባታቸውን ባለቀንድ እጀታ ቢላዋ ሸጡልኝ። እኔም የድሮ ቢላዋ ለሚሰበስብ የአዲስ አበባ ሰው በቴሌግራም ሸጥሁት። ዛሬ ሳሽገው ሱቄ ተቀምጠው ያዩኝ ነበር። ባለፈው የላክሁት ቢላዋ ካርቶኑን በስቶ የአውቶቡስ ረዳት እጅ ስለቆረጠ፣ የዚህን ጫፍ ቡሽ ላይ ሰካሁት። ስለቱንም በወፍራም ካርቶን ጠቅልዬ ሳጥኑን በደረቅ የሩዝ ገለባ ሞላሁት።

«ሰውየው ምን ያርድበታል?» አሉኝ።

«ምንም። መስታወት ውስጥ አስቀምጦ ያየዋል።»



«እንግዲያው ጻፍለት ልጄ፤ ለፋሲካ እንኳ አንድ በግ ይረድበት።»

ጻፍሁ። እሳቸው ሲሄዱ ወረቀቱን ልጥለው አስቤ ነበር። መልሼ ቢላዋው ሥር አስገባሁትና ሳጥኑን አሸግሁ። ሰውየው ይስቅብን ይሆናል።