የአንቺ ፊርማ፣ የእኔ ወንበር

ኦሃዮ
ኖቬምበር 12 ቀን 2017

ለምወድሽ ልጄ ለኔቫ፣

እዚያ ጀርመን፣ ብሬመን ላይ ብርዱ እንደገባ በዜና ሰማሁ። ካልሲ ደርበሽ እንደማትለብሺ ስለማውቅ ገና ሰላም ሳልልሽ ልቆጣሽ ነው። እኔ ጉልበቴን አንዳንዴ ከሚያመኝ በቀር ደህና ነኝ። ድመትሽም ደህና ናት፤ ወፍራ ወፍራ ደረጃ መውጣት ትታለች። አሁን የምጽፍልሽን በስልክ ያልነገርኩሽ ድምፅሽን ስሰማ ስለምሸነፍ ነው። ወረቀት ይሻላል፣ አይመልስልኝም።

የኦርኬስትራችን ሥራ አስኪያጅ ሚስተር ፔንፊልድ ውሉን እንደላከልሽ ነግሮኛል። ለጥቁር ሙዚቀኞች የተከፈተ ልዩ ቦታ ነው፤ ግማሹን ጊዜ ቼሎሽን ትጫወቻለሽ፣ ግማሹን ደግሞ በየቤተ ክርስቲያኑና በየትምህርት ቤቱ እየዞርሽ አዲስ አድማጭ ታመጫለሽ። ውሉ ላይ ያልተጻፈውን እኔ ልንገርሽ፤ ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰሚው ይሻላል። አንቺ ከፈረምሽ አድማጭ የማምጣቱን የቢሮ ሥራዬን ትረከቢኛለሽ፣ እኔም ወደ ቫዮሊን ወንበሬ እመለሳለሁ። ካልፈረምሽ ሌላ ሦስት ዓመት ቢሮ ውስጥ ነኝ። «ጻፊላት እንጂ፤ እናት ጠርታ የምትቀር ልጅ የለችም» አለኝ ሚስተር ፔንፊልድ። ይኸው እየጻፍኩ ነው።

ያንን ወንበር ያገኘሁት አንቺ እዚያ ኦርኬስትራ ውስጥ ያንቺን እንዳገኘሽው ለፈተና ከመጋረጃ ጀርባ ተጫውቼ ነው። የጫማዬ ኮቴ ሴት መሆኔን እንዳያሳብቅ ምንጣፍ አንጥፈው፣ ማን መሆኔን ሳያዩ በጆሯቸው ብቻ መረጡኝ። ዘጠኝ ዓመት ተጫወትኩ። ከዚያ «አዳራሹ ውስጥ የሰፈርሽ ሰው የለም፤ እስቲ ለአንድ ዓመት ብቻ አንቺ አምጪልን» አሉኝ አለቆቹ። እውነታቸውን ነበር፣ የእኛ ሰው አይመጣም ነበር። እሺ አልኩ። ይኸው አሥራ አንድ ዓመቴ። ሥራው ሲሰምርልኝ «ካንቺ ሌላ ማን ይችለዋል» ይሉኛል፤ ሲደክመኝ «እዚህ ከደረስሽ ወዲያ እንዴት ትተይዋለሽ» ይሉኛል። ፎቶዬ ግን በከተማው አውቶቡስ ሁሉ ላይ ቫዮሊን ታቅፎ ይዞራል። ከእኔ ይልቅ እሱ ሙዚቀኛ ሆኗል።

ያለፈው እሑድ የሆነውን ልንገርሽ። ከጆርጂያ የመጣ ቴሮን የሚባል ጥቁር ወጣት ፒያኖ ሊጫወትልን ነበር። ሁለት ዓመት ለምኜ ያስጋበዝኩት ልጅ ነው፣ ባዶ አዳራሽ እንዳይጠብቀው ፈራሁ። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያናችን ሄጄ መድረኩ ላይ ወጣሁና «እንደ ፋሲካ እሑድ ለብሳችሁ ኑ» አልኩ። አፌን በቆረጠው። ሁለት መቶ ሰው መጣ፣ ሴቶቹ ሁሉ የፋሲካ ባርኔጣቸውን አድርገው! ሰፌድ የሚያህል አለ፣ ላባ ያለው አለ። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሴት በባርኔጣዋ እግዚአብሔርን እንደምታከብር፣ አውልቂው የሚላት እንደሌለ አንቺም ታውቂያለሽ። ከኋላቸው የተቀመጡት ደግሞ የዓመት ትኬት ያላቸው የድሮ ደንበኞች ናቸው። መድረኩ አልታይ አላቸው።

አስተናጋጁ መጥቶ «እርስዎ ይንገሯቸው፣ የእርስዎ ሰዎች ናቸው» አለኝ። ወረድኩ። ከፊት ያገኘኋት እማማ ሉዌላን ነው። በሰባት ዓመቴ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቫዮሊኑን ሳንጫርረው ሰው ሁሉ አንገቱን ሲደፋ «ቀጥይ ልጄ» ያለችኝ እሷ ብቻ ናት።

ጎንበስ ብዬ «እማማ፣ ከኋላ ያሉት ማየት አልቻሉም። ባርኔጣሽን ብታወልቂው» አልኳት።

«እንደ ፋሲካ ያልሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

«ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«አሁንስ አውልቂ የምትይኝ አንቺ ነሽ ወይስ እነሱ?»

«እኔ ነኝ፣ እማማ።»

የባርኔጣዋን መያዣ መርፌ ነቅላ አወለቀችው። ከሥሩ ፀጉር የለም፣ ኔቫ። የካንሰር መድኃኒት ጨርሶት ኖሯል፣ መታመሟን ለአንድ ሰው አልተናገረችም። ባርኔጣውን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ቀጥ ብላ ወደ መድረኩ አየች። ከጎኗ ያለችው ሴት አየቻትና የራሷን አወለቀች። ቀጥሎ ያለችውም። ረድፉ በሙሉ አወለቀ።

በግራ በኩል ባዶ ወንበሮች ነበሩ። ደንበኞቹን ወደዚያ ውሰዷቸው ማለት እችል ነበር። ሐሳቡ ራሱ አልመጣልኝም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሰዎቻችንን ለአዳራሹ ሳመቻች፣ አዳራሹን ለሰዎቻችን ማመቻቸት ከነመኖሩ ረሳሁት። በራሴ አፈርኩ።

ቴሮን ግን እንዴት ተጫወተ መሰለሽ! ቀስ ባለው ክፍል ላይ አንዱ የቤተ ክርስቲያናችን ዲያቆን በስብከት መሃል እንደምንለው «ንገራቸው ልጄ» ብሎ ድምፁን አሰማ፣ ልጁም አንገቱን ነቅነቅ አድርጎ ቀጠለ። ሲያበቃ ሚስተር ፔንፊልድ እጄን ጨብጦ፣ አንቺ ስትመጪ እናትና ልጅን በአንድ ፎቶ አውቶቡስ ላይ እንደሚያወጣን ነገረኝ።

በማግስቱ ይቅርታ ልጠይቅ እማማ ሉዌላ ቤት ሄድኩ። ስለ ባርኔጣው አላስወራ አለችኝ። «ፀጉር ሣር ነው፣ ይበቅላል። አንቺን ስትጫወቺ የሰማሁሽ ግን መቼ ነው?» አለች። ዓመቱን ቆጥሬ በመንገር ፈንታ ሳህን ማጠብ ጀመርኩ።

አልዋሽሽም፣ «ነይ» የሚል ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። ስለናፈቅሽኝ ብቻ መስሎኝ ነበር። ለካ ጣቶቼም ቫዮሊኑ ናፍቋቸው ነበር። ልጄን መያዣ ሰጥቼ ከቢሮው መውጣት እንዳማረኝ የገባኝ ሦስተኛውን ስቀድድ ነው። አንቺን ደግሞ አውቅሻለሁ፤ ለእናቴ ብለሽ ዓይንሽን ጨፍነሽ ትፈርሚያለሽ።

ስለዚህ ዓርብ ዕለት እኔ ፈረምኩ። የሦስት ዓመቱን የቢሮ ውል። ወንበሬንም ለሌላ ሰው እንዲሰጡት በጽሑፍ ለቅቄያለሁ፤ ለማን እንደሚገባ መጋረጃው ያውቃል። አሁን መጥተሽ የምታስለቅቂኝ ነገር የለም። ወደ አገርሽ መምጣት ካማረሽ አንድ ቀን ከመጋረጃው ጀርባ ተጫውተሽ፣ ለሙሉ ወንበር ነይ። እስከዚያ እዚያው ተጫወቺ።

እግዚአብሔር ክንድሽን ያበርታው። የምትጫወቺበት ቤት ሁሉ ከነማንነትሽ የሚቀበልሽ ይሁን። ያላየሁትን ያሳይሽ።

እኔ ደስ ብሎኝ ነው የፈረምኩት። ስትደውዪ ይህን እንዳለ ተቀበይልኝ፣ ደግመሽ አትጠይቂኝ።

እናትሽ ቬርኔታ