እርሾ ይዞ ሽርሽር

ለእታለሜ፣

“እዚህ ከተማ እንቅልፍ የሚያውቅ ሰው የለም” አለች፣ አውቶቡስ ውስጥ ከኋላችን የተቀመጠች ሴት ለጓደኛዋ። እኔም እንደ ወረደ አመንኳት። ዕድሜዬን ሙሉ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት እየተነሣሁ ዳቦ ስጋግር የኖርኩ ሴት ስለሆንኩ፣ እንቅልፍ የማያውቅ ከተማ ማለት ጋጋሪ ብቻ የሚኖርበት ከተማ ማለት መሰለኝ። አማችሽን በክርኔ ጎሸም አድርጌ፣ “ሰማህ? ለካስ ዘመዶቻችን ዘንድ ነው የምንሄደው” አልኩት።

ወደዚያ ከመግባቴ በፊት ግን አንቺን ልጠይቅሽ። እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽስ፣ ደረጃ ሲያይ አሁንም ያኮርፋል? ሐኪሙ ያዘዘልሽን ቅባት ራስሽ እየተቀባሽው ነው ወይስ እንደ ፊተኛው “ለእኔ ከሚሆን ለእሷ ይሁን” ብለሽ ለጎረቤት ሰጠሽው? ምግብሽ፣ እንቅልፍሽ፣ ቁጣሽስ እንዴት ነው? ቁጣሽን የምጠይቀው በክፋት አይደለም። አንቺ ስትቆጪ ደህና መሆንሽን አውቃለሁ፤ ባለፈው በስልክ አንድ ጊዜ እንኳ ሳትገሥጪኝ ስለዘጋሽው ምን ነካት ብዬ ስጨነቅ ሰነበትኩ። እኛ ደህና ነን። ደህና ስልሽ ደግሞ ለወጉ ያህል አይደለም፤ ለዛሬው ማስረጃ አለኝ፣ ከታች ታገኚዋለሽ።

ይህን ሽርሽር ያዘዝሽው አንቺ ነሽና እንዴት እንደሆነ ከሥር ከመሠረቱ ልንገርሽ። ሐኪሙ የአማችሽን ደረት አዳምጦ የዘመናት የዱቄት ብናኝ ሳንባው ላይ መቀመጡን እንደ ነገረን ታስታውሻለሽ። ከዱቄት ከራቀ ሳሉ ይሸሻል፣ ካልራቀ ግን “እኔ ሌላ መድኃኒት የለኝም” ነበር ያለው። አማችሽ በጨዋ ደንብ “እሺ” ብሎ ወጣና በማግሥቱ ወንፊቱ ሥር ቆሞ አገኘሁት። አንቺም ያን ጊዜ “እሱን ተይው። አንቺ ቀድመሽ ካልወጣሽ እሱ ከዚያ ዱቄት ቤት አይወጣም” አልሽኝ። ተቀየምኩሽ፤ ዳቦ ቤቱን ዱቄት ቤት ስላልሽውም ጭምር። ኋላ ግን እሱ ራሱ ያንኑ ቃል ደገመው፦ “አንቺ ከተውሽ እተዋለሁ። አንቺ እየጋገርሽ እኔን ቤት ቁጭ በል ካልሽኝ ግን አታገኚኝም።” ሰውየው ሲያገባኝ እንኳን እንዲህ ቁርጥ ያለ ነገር አልተናገረም። ስለዚህ ቆረጥኩ። ትልቁን ከተማ አይተን፣ በልተን፣ ጃዝ የሚሉትን ሙዚቃ ከነነፍሱ ሰምተን፣ ስንመለስ የዳቦ ቤቱን ቁልፍ ለአቡኪያችን ለአካፋው ልናስረክብ ተስማማን። አካፋው ያልነው መዳፉ አንድ ጆንያ ዱቄት በሁለት ዝቀት ስለሚያነሣ እንደሆነ ነግሬሻለሁ።

አንድ የማልደብቅሽ ነገር አለ። የእርሾውን ብልቃጥ ይዤ መጥቻለሁ። እርሾ በየቀኑ ካልበላ ይሞታል፤ አካፋው ደግሞ የራሱን ምሳ የሚረሳ ሰው ስለሆነ የሌላ ነፍስ አይታመንበትም። አመልን በጉያ ስንቅን በአህያ ይላሉ፣ እኔ አህያ ስላልነበረኝ ሁለቱንም በአንድ ሻንጣ አድርጌ መጣሁ። አማችሽ ገላውን ሲታጠብ መስኮት ከፍቼ አንዲት ማንኪያ ዱቄት አቀምሰዋለሁ። ክፍላችንን የምታጸዳዋ ሴት ከመጋረጃው ኋላ አረፋ የሚደፍቅ ነገር አይታ ኖሮ ለአለቃዋ ተናገረች። አለቃዋም መጥታ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ “ይቅርታ እመቤቴ፣ የታመመ ነገር አለ እንዴ?” ስትለኝ፣ “ኧረ ጤነኛ ነው፤ ርቦት ነው” አልኳት። ከዚያ ወዲህ ፎጣችን እየዘገየ ነው የሚመጣው።

በመጀመሪያው ሌሊት፣ እንደ ልማዳችን፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የሁለታችንም ዓይን ጣሪያው ላይ ፈጠጠ። “ተኛ እንጂ” ብለው “አንቺስ ምን እያደረግሽ ነው?” አለኝ። በሉ እንግዲህ እንቅልፍ የማያውቀውን ከተማ እንየው ብለን ለባብሰን ወጣን። እታለም፣ የዚያችን ሴት ነገር ምን ልበልሽ። ከተማው ጥርቅም አድርጎ ዘግቶ ተኝቷል። የሱቁ ሁሉ መዝጊያ ወርዷል፣ የሚጮህብን ውሻ እንኳን አጣን። የመንገዱ መብራት ብቻ ለማንም ቀይ ይሆናል፣ ለማንም አረንጓዴ ይሆናል። አማችሽ ሕግ አክባሪ ስለሆነ በባዶው መንገድ ዳር ቆሞ አረንጓዴውን ይጠብቃል። ሲሉ ሰምታ የሞተችው ዶሮ ብታየኝ እህቴ ትለኝ ነበር።

ከሆቴሉ ጀርባ ባለው ቀጭን መንገድ ስንዞር ግን ሽታው መጣ። እስከ ግማሽ ከተነሣ መዝጊያ ሥር ብርሃን ይፈስሳል። አንዲት ወፍራም ጋጋሪ ብቻዋን ትሪ ስትጎትት ቀና ብላ አየችንና፣ “ጎብኚ በዚህ ሰዓት ምን ይጎበኛል?” አለች። መልስ ሳንሰጣት ክንዴን በዓይኗ መዘነችው። የምድጃ በር የላሰው ጠባሳ መቼም አይጠፋም፤ እሷም እጅጌዋን ሰብስባ የራሷን አሳየችን። “በሉ አትደብቁኝ፣ ከሙያው ናችሁ። ረዳቴ አራስ ቤት ናት፣ እኔም ወገቤ ሊቆረጥ ነው። አንቺ፣ እጅሽን ለፎቶግራፍ ነው የያዝሽው? ግቢ እንጂ።” አማችሽ አንድ እግሩን ሲያነሣ ኮቱን ጨምድጄ ያዝኩት። “እኛ ዕረፍት ላይ ነን” አልኳት፣ ፍርድ ቤት እንደቆመ ሰው። እሷም ስቃ፣ “ጋጋሪ ዕረፍት ወጣ ሲባል ገና ዛሬ ሰማሁ” አለች። ትታን ወደ ምድጃዋ ዞረች። ከዚያ ወዲያ በዚያ መንገድ አላሳለፍኩትም።

ቀን ቀን የታዘዝነውን ሁሉ አየን። ወንዙን በጀልባ ተሻግረን፣ ተመልሰን ደግሞ ተሻገርን፤ መሻገሩ እንጂ ማዶው ምንም የለውም። በሥዕል ቤቱ ውስጥ ሰው ሁሉ የአንዲት ንግሥት ሥዕል ፊት ሲጋፋ እኛ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ዳቦ የተሣለበት ጥግ ቆመን ዋልን። አማችሽ “አልበሰለም” አለ። እኔ “በስሏል፣ ሣዩ ነው ቀለም የቆጠበው” አልኩት። ክርክሩ ሲረዝም ዘበኛው ተጠግቶ፣ “ይህን ሥዕል ሰው ሲጣላበት ዓይቼ አላውቅም” አለና እሱም ጎንበስ ብሎ አየው። እንዳልበሰለ ፈረደ። ዘበኛ በሥዕል ላይ እንዲፈርድ ማን እንደሾመው አላውቅም።

ምግቡን በተመለከተ፣ ከወንዙ ዳር ጥሩ ነው የተባለ ቤት ገብተን የተጠበሰ ዓሣ አዘዝን። ዳቦው ቀድሞ መጣ። አማችሽ አንሥቶ ገለበጠው፣ ወደ ጆሮው አስጠጋና በጣቱ መቀመጫውን አንኳኳ። አንቺ ታውቂዋለሽ፣ በደንብ የበሰለ ዳቦ ሲመቱት ባዶ ሣጥን የተመታ ያህል ነው የሚጮኸው። አስተናጋጁ ግን አያውቅም። ሮጦ ኃላፊውን ጠራ፣ ኃላፊው ደግሞ በላብ ተጠምቆ መጥቶ፣ “ጌታዬ፣ ውስጡ የተገኘ ነገር አለ?” አለ። አማችሽ ረጋ ብሎ፣ “ገና እየጠየቅኩት ነው” አለው። ዓሣው እንዴት እንደነበር አላስታውስም፤ ብቻ ሒሳቡን ሳንጠይቅ ጣፋጭ ጨምረውልን ነበር።

አሁን ማስረጃዬ። ከተማውን ከላይ የሚያሳይ ማማ አለ። የሄድን ዕለት አሳንሰሩ ተበላሽቶ ነበር። “ተወው፣ ከታች ሆነን ቀና እንላለን” አልኩት። “አይ፣ ከመጣን አይቀር” ብሎ ደረጃውን ጀመረው። እኔ ከኋላው ሆኜ የማየው ጀርባውን ነው፣ የምሰማው ግን ደረቱን ነበር። አሁን ይቆማል፣ አሁን ግድግዳ ይይዛል፣ አሁን ያ ሳል ይነሣል እያልኩ ስቆጥር ጫፍ ደረስን። እታለም፣ አልሳለም። ቤታችን ውስጥ ከአልጋ እስከ በር ድረስ እንኳን ሦስት ጊዜ የሚቆም ሰው ነበር። ከላይ ሆኖ የከተማውን ጭስ መውጫ ሲያይ ቆየና፣ “የትኛው ዳቦ ቤት ይሆን?” አለኝ። “የትኛውም ይሁን፣ የሰው ነው” አልኩት። እዚያው፣ ነፋሱ መሐል፣ “እንግዲህ አንቺ ትተሻል?” ሲል ጠየቀኝ። “ትቻለሁ” አልኩት። “እኔም” አለ። በቃ ይኼው ነው። ሰዎች ማማ ላይ ወጥተው የሚማማሉት ሌላ ነገር እንደሆነ አውቃለሁ፤ በዕድሜያችን ግን ይህም ፍቅር ነው።

የጃዙ ነገር ቀላል አልነበረም። የሆቴሉ እንግዳ ተቀባይ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ይጀምራል ሲለን የተሳሳተ መስሎን ደጋግመን ጠየቅነው፤ ሦስት ሰዓት ማለት ለእኛ እንቅልፋችን የሚጋመስበት ሰዓት ነው። ለጃዙ የተነሣንበትን የመጀመሪያ ምሽት ከነጫማችን አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጠን ሰዓቱን ስንጠብቅ ከነጫማችን ነቃን። ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ነበር። በማግሥቱ ግን አማችሽ እልህ ይዞት፣ ቀን አስተኝቶኝ፣ ማታ እጄን ይዞ ወሰደኝ።

ቤቱ ከምድር በታች ነው፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ግድግዳው እንደ ዱቄት መጋዘናችን ያላበው። አንድ ሽማግሌ ሳክስፎን ነፋ፣ አንዲት ሴት ከቁመቷ የሚበልጥ ቤዝ አቅፋ ቆነጠረችው፣ ከበሮ መቺው ከኋላ ሆኖ እያሾፈ ይከተላቸዋል። አማችሽ መጀመሪያ ፊቱን አጨማደደ፤ “አንዱ የጀመረውን ሌላው ይተወዋል፣ ዜማው ማን ዘንድ ነው?” አለኝ። ትንሽ ቆይቶ የከበሮው ድምፅ ባዶ ሣጥን እንደተመታ ሲሆን ግን ቀና አለ። በጣቱ ጠረጴዛውን እያንኳኳ፣ “በስሏል” አለ። ከዚያ በኋላ ሰውየውን አላገኘሁትም። እኔ በበኩሌ አጣርቼ ልሰማ ብዬ ዓይኔን ጨፈን አደረግሁ። ስከፍተው ሰዎች ኮት ይለብሳሉ፣ አማችሽ ቆሞ ያጨበጭባል። መንገዱን ሁሉ ሽማግሌው እንዴት እንዳደረገ በአፉ እየነፋ ነገረኝ። በሚቀጥለውም ምሽት ሄደ፣ በሚቀጥለውም። ሊቀመንበር አድርገው እንዳይመርጡት ነው የምፈራው።

ከሁሉ የሚገርመው እንቅልፉ ነው። አሁን ፀሐይ ፊቱ ላይ እስክትወጣ ድረስ ይተኛል። አጠገቡ ሆኜ አዳምጠዋለሁ፤ ደረቱ ውስጥ ሲያፏጭ የኖረው ነገር ጠፍቷል። ሐኪሙ እውነቱን ነው፣ አንቺም እውነትሽን ነው። ይህን ቃል ከእኔ እጅ በጽሑፍ ስታገኚ የመጀመሪያሽ ነውና በደንብ አስቀምጪው።

ትናንት ለአካፋው ደውለን ቁርጡን ነገርነው። እሱም “እርሾውስ?” አለ። ከዚያ ራሱ መልሶ፣ “እኔ እንኳ በፋብሪካው እርሾ ነው የምሠራው፣ ያንቺ ይቅርብኝ፣ ተሸክሜ አልችለውም” አለኝ። ክፉ አልተናገረም። ብልቃጡን አየሁት፣ እሱም አረፋውን እየደፈቀ አየኝ። መቼም ለሞት አልሰጠውም ብዬ ለዚያች ጋጋሪ ልሰጣት ወሰንኩ፤ ዛሬ ሌሊት አማችሽ ተኝቶ ሳለ ወስጄ አስረከብኳት። የለመደች ጦጣ ምናምን ብለሽ እንደምትጀምሪ አውቃለሁ። አትጀምሪ። እሱ አንድ እግሬ ወደ ምድጃ ሲዞር ካየ ሁለቱንም እግሩን ይዞ እንደሚከተለኝ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ቀድሜ የወጣሁትም ለዚህ ነው። ወጥቻለሁ።

ለባለቤትሽ ሰላምታዬን ንገሪልኝ፤ ቼዝ አብሮት የሚጫወት ሰው ካጣ አማችሽ ከእንግዲህ ጊዜ አለው በይው። ትልቋን ልጅሽን ሳሚልኝ፣ የሙሽራ ዳቦዋን ግን አካፋው ነው የሚጋግርላት፣ አትቀየመኝ። መንትዮቹን ጆሯቸውን ቆንጥጪልኝ፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ ካላወቅሽ ሁለቱንም። ደጅ ለምታገኚያቸው ለአክስታችን፣ የላኩላቸው ነጠላ ጫማ ከጠበባቸው ለእኔ እንደሚሆን ንገሪያቸው። አንቺን ደግሞ ጉልበትሽን ስሜ፣ እስከ ግንባርሽ ድረስ።

ታናሽሽ

ከሆቴሉ ጀርባ ካለው ዳቦ ቤት
ሐሙስ፣ ሊነጋጋ ሲል

አማችሽ ተኝቷል። ይህን የጻፍኩልሽ ሊጡ ኩፍ እስኪል ነው።