ላስቲኩ ያልተላጠለት የፖሊስ ካሜራ

ለተከበራችሁ የፖሊስ የደረት ካሜራ መራጭ ኮሚቴ አባላት
መቐለ

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበታችሁ እላለሁ። አላህ ጤናችሁን ይጠብቅልን፤ በተለይ ዐይናችሁን።

ሙሚና እባላለሁ፤ ከወሎ መጥቼ ሮማናት አደባባይ አካባቢ ሻሽና ሽርጥ እሸጣለሁ። በእጅ ጋሪ ዕቃ የሚያመላልሰው ታናሽ ወንድሜ ሳሊህ ፖሊስ ገፍትሮ ጥሏል ተብሎ ታስሯል። እኔ ሱቄ በር ላይ ቆሜ ያየሁት ግን ሌላ ነው። ሳሊህ ጋሪህን አንሣ ተብሎ ታዞ ሲያዞር፣ ፖሊሱ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ አደናቅፎት ወደቀ። የእኅት ምስክርነት አይታመንም ስለተባልኩ፣ ፖሊሱ ደረት ላይ የነበረውን የእናንተን ካሜራ ተማምኜ ዝም አልኩ። ስለዚህም ምስጋናዬ እነሆ፦

፩ኛ፦ ካሜራውን የመረጣችሁት አዳራሽ ውስጥ ተቀምጣችሁ፣ እርስ በርስ እየተቀራረጻችሁ በመሆኑ አመሰግናለሁ። ፎቶውን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አይቼዋለሁ፤ ሁላችሁም አምሮባችኋል። ሮማናት ላይ ግን እንደዚያ ፈገግ ብሎ የሚቀመጥላችሁ ሰው የለም።

፪ኛ፦ መስታወቱን የጫረ ከኪሱ ይተካል ብላችሁ በማስጠንቀቃችሁ፣ ፖሊሶቹ ከፋብሪካ የመጣውን ላስቲክ ሳይልጡ ካሜራውን ደረታቸው ላይ ሰክተው ይዞራሉ። በዚህ አልቀየማቸውም። እኛም ቤት የቴሌቪዥኑ ላስቲክ ሳይላጥ ልጅ ተወልዶ ትምህርት ቤት ይገባል። ብቻ በእኛ ቴሌቪዥን ሰው አይታሰርበትም።

፫ኛ፦ መርማሪው ቪዲዮውን አሳዩኝ። ጉም ነው። በጉሙ ውስጥ ጥቁር ነገር ይንቀሳቀሳል፤ ወንድሜ ይሁን ጋሪው አልለየሁም። መርማሪው ትሑት ሰው ናቸው፤ በትግርኛ «ሓፍተይ»፣ እኅቴ ብለው ጠርተውኝ፣ ቪዲዮው ሳሊህ አለመግፋቱን ስለማያሳይ ሊፈታ እንደማይችል በእርጋታ አስረዱኝ። ስለ አክብሮታቸው አመሰግናለሁ። እንባዬም የመጣው ከንዴት እንጂ ከሌላ አይደለም።

አርቆ አሳቢነታችሁን እያደነቅሁ፣ ለዚህ ምርጫችሁ ሹመት እንዲጨመርላችሁ እየተመኘሁ፣ የወንድሜን ምሳ ይዤ ጣቢያው በር ላይ ተራ የምጠብቀው አክባሪያችሁ

ሙሚና

ደብዳቤውን ከዘጋሁ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ከሱቄ ፊት ለፊት ጭማቂ ቤት ያላት ወይኒ ነገሩን ሁሉ በስልኳ ቀርጻው ነበር። የሳሊህ እጆች ከጋሪው እጀታ እንዳልተነሡ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ቪዲዮውን ለማሳየት ጣቢያ ብትሄድ፣ ፖሊስን መቅረጽ ክልክል ነው ተብሎ ስልኳ ተወስዶባታል። እንግዲህ የሚያይ ካሜራ ያለ ጨረታ እጃችሁ ገብቷል፤ የቀራችሁ ከፍታችሁ ማየት ብቻ ነው።